ካፖርቱን ቀይ ያደረገው ማን ነው?

ለሦስት ሳምንታት ያህል ማታ ማታ አንድን ሥዕል በኮምፒውተሬ ላይ በሁለት መስኮቶች ጎን ለጎን እየከፈትሁ ሳነጻጽር ሰንብቻለሁ። ሥዕሉ በለንደን ቻሪንግ ክሮስ በሚባለው ስፍራ የቆመውን፣ የጥፋተኛ አንገትና እጅ የሚቆለፍበትን የእንጨት መቀጫ፣ በዙሪያውም ለማየትና ለመሳለቅ የተሰበሰበውን ሕዝብ ያሳያል። ሁለቱም ቅጂዎች ከአንድ የመዳብ ሰሌዳ የታተሙ በመሆናቸው መስመሮቻቸው አንድ ናቸው፤ በፈረስ ላይ የተቀመጠው የቀዳማዊ ቻርልስ ሐውልትም፣ የቤቶቹ መስኮቶችም፣ የሚጋፋው ሕዝብም በአንዱ ላይ እንዳሉ በሌላውም አሉ። ነገር ግን ከፊት ቆሞ ጀርባውን የሰጠን አንድ ሰው በአንደኛው ቅጂ ቀይ ካፖርት ለብሶ ሳለ፣ በሌላኛው ያው ሰው፣ በዚያው አቋቋም፣ ቡናማ ለብሷል። እኅቴ በትከሻዬ በኩል አጎንብሳ አየችና «ታዲያ እውነተኛው የትኛው ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም ያ ጥያቄ ነው።

ሥዕሉ የሚገኘው «ማይክሮኮዝም ኦቭ ለንደን» በሚባለው፣ ርዕሱን «ለንደን በትንሿ ዓለም አምሳል» ብለን ልንፈታው በምንችለው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ውስጥ ነው። (የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ ከ1808 እስከ 1810 ድረስ በየወሩ አራት አራት ሥዕል እየያዘ በ26 ክፍሎች ወጣ፤ ሲጠቃለልም 104 ሥዕሎች ነበሩት። አሳታሚው ሩዶልፍ አከርማን በ1764 በሳክሶኒ የተወለደና የሠረገላ ንድፍ በማውጣት ሙያ ያደገ ሰው ነበር፤ የአድሚራል ኔልሰንን አስከሬን የተሸከመው የቀብር ሠረገላም የእርሱ ንድፍ ነው። በስትራንድ ጎዳና በቁጥር 101 በነበረው ሱቁ ሥዕል፣ መጽሐፍ፣ ወረቀትና የውሃ ቀለም ይሸጥ ስለ ነበር፣ ቀለም የሚገባበት መጽሐፍ ለእርሱ ከንግዱ ሁሉ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነበር።

የሥዕሉ ሥራ ለሁለት ተከፈለ። ከፈረንሳይ የመጣው ኦገስተስ ቻርልስ ፑጂን ሕንጻዎቹን፣ አዳራሾቹን፣ ዓምዶቹንና ጣሪያዎቹን ሣለ፤ ቶማስ ሮውላንድሰን ደግሞ በዚያ ውስጥ ሰዎቹን አስገባ። ፑጂን ቀጥ ያለውን ሁሉ ወሰደ፣ ሮውላንድሰን ጎባጣውን ሁሉ ወሰደ ብል የተጋነነ አይመስለኝም። በሶመርሴት ሃውስ የሮያል አካዳሚን የሥዕል ትርኢት የሚያሳየውን ገጽ ስመለከት ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ከወለል እስከ ጣሪያ በተደረደሩት ክፈፎች ትክክለኛ መስመር ላይ ነው፤ ወዲያው ግን ከታች ወዳሉት፣ ሆዳቸው ወደ ቀደመ፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ወደ ሰበሩ፣ ሥዕል ከማየት ይልቅ እርስ በርስ ወደሚተያዩ ሰዎች ይወርዳል። ሁለቱ ሰዎች ባይገናኙ ኖሮ ፑጂን ብቻውን የአናጢ ንድፍ፣ ሮውላንድሰን ብቻውን የቡና ቤት ቀልድ ሆነው የሚቀሩ ይመስለኛል።

ስለ ጽሑፉ ብዙ አልልም፤ ሰው ለጽሑፉ ብሎ ይህን መጽሐፍ አይከፍተውም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅጾች ዊልያም ሄንሪ ፓይን፣ ሦስተኛውን ዊልያም ኩም ጻፉት። ኩም በዕዳ ምክንያት የኪንግስ ቤንች እስረኛ ሆኖ ብዙ ዓመታት ያሳለፈ ሰው መሆኑ፣ መጽሐፉም ያንኑ እስር ቤት በአንድ ሥዕል የሚያሳይ መሆኑ ግን ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም።

እንግዲህ ወደ ቀለሙ። አንባቢ እነዚህን ሥዕሎች ሲያይ በቀለም የታተሙ ሊመስሉት ይችላሉ፤ አይደሉም። ከማተሚያው የሚወጣው ወረቀት በአብዛኛው ባለ አንድ ቀለም ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ብቻ አታሚው ለሰማዩ ሰማያዊ፣ ለመሬቱ ቡናማ ቀለም በአንዱ ሰሌዳ ላይ ለይቶ ይቀባ ነበር። የሕትመቱ ዘዴ አኳቲንት ይባላል። መጀመሪያ ንድፉ በመዳብ ሰሌዳ ላይ በመስመር ይቀረጻል፤ ሰሌዳው አሲድ በማያሳልፍ ሰም ይሸፈንና ሰሙ በመርፌ ተጭሮ አሲዱ የተጫረውን መስመር ብቻ እንዲበላው ይደረጋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሥራ ነው አኳቲንትን ከሌላው የሚለየው፦ የደቀቀ የሙጫ ዱቄት በሰሌዳው ላይ እንደ አቧራ እንዲያርፍ ይደረግና ሰሌዳው ከሥሩ በእሳት ይሞቃል፤ እያንዳንዷ ቅንጣት በሥፍራዋ ቀልጣ ትጣበቃለች፤ አሲዱ ሲፈስስበት ቅንጣቶቹን ማለፍ ስለማይችል በመካከላቸው ባለው ጠባብ ክፍተት ብቻ መዳቡን ይበላል። ነጭ ሆኖ መቅረት የሚገባው ክፍል አስቀድሞ በቫርኒሽ ይሸፈናል። ሰሌዳው ለጥቂት ጊዜ ከተበላ በኋላ ይወጣል፤ ፈዛዛ ግራጫ መሆን ያለበት ክፍል ደግሞ ይሸፈናል፤ ሰሌዳው እንደገና ይገባል፤ እንዲህ እየተመላለሰ ብዙ ጊዜ የተበላው ክፍል የሌሊት ጨለማ፣ ያልተበላው የቀን ብርሃን ይሆናል። በሥዕሉ ላይ ማጉያ መነጽር ብታሳርፉ ጥላው ሁሉ እንደ ደረቀ የጭቃ መሬት በተሰነጣጠቀ ቀጭን መረብ የተሠራ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ያ የሙጫው አሻራ ነው።

ዘዴው በ1760ዎቹ በፈረንሳይ በዣን ባፕቲስት ለ ፕሪንስ እጅ የታወቀ ሲሆን፣ ፖል ሳንድቢ በ1770ዎቹ በእንግሊዝ አስፋፋው። ለከተማ መጽሐፍ የተመቸበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በመስመር ብቻ የተቀረጸ ሥዕል ጥላውን በመስመር ስለሚሞላ ከላይ ቀለም ሲቀባበት ይቆሽሻል፣ አኳቲንት ግን ራሱ በውሃ ቀለም የተቀባ ስለሚመስል የቀቢውን ቀለም እንደ ወንድሙ ይቀበለዋል። ጥላውን ሰሌዳው ጨርሶለታል፤ ለቀቢው የቀረው ቀጭን ቀለም በላዩ ማሳለፍ ብቻ ነው። «ብቻ» ማለቴን ግን ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ይህን የማለፊያ ቀለም የሚቀቡት ሥዓሊዎቹ አልነበሩም። ሥዓሊው አንድ ናሙና ቀብቶ ይሰጣል፤ ናሙናው በፊታቸው ቆሞ ብዙ ሴቶችና ልጆች፣ አንዱ ሰማይ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ የቆዳ ቀለም እየተከፋፈሉ ወረቀቱን ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፉታል። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ኅትመት ወደ 1,000 ቅጂ እንደ ነበረ ይጠቀሳል፤ 104 ሥዕል በ1,000 ቅጂ ሲባዛ 104,000 ወረቀት ነው። አራት ሥዕል በወር ማለት በወር 4,000 ወረቀት፣ በወሩ ውስጥ 25 የሥራ ቀን ብንቆጥር በቀን 160 ወረቀት ማለት ነው። ለሁለት ዓመት ከሁለት ወር በቀን 160 ጊዜ አንድ ሰው የለንደንን ሰማይ ቀብቷል። የአንዳቸውም ስም በመጽሐፉ ውስጥ የለም። የሥዓሊዎቹ ስም ከሥዕሉ ሥር በግራ፣ የቀራጩ ስም በቀኝ፣ የአከርማን አድራሻ ከነቀኑ መካከል ላይ አለ፤ ካፖርቱን ቀይ ያደረገው ሰው ግን የለም።

ከዚህ በፊት በነበሩት ዘመናት ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ16ኛው መቶ ዘመን አንትወርፕ ውስጥ ካርታና ሥዕል ቀለም መቀባት የራሱ ስም ያለው ሙያ ነበር። በ1570 የዓለም ካርታዎችን በአንድ መጽሐፍ ሰብስቦ ያሳተመው አብርሃም ኦርቴሊየስ በ1547 በከተማይቱ የቅዱስ ሉቃስ የሙያተኞች ማኅበር የተመዘገበው ካርታ ቀለም ቀቢ ተብሎ ነው፤ እኅቶቹም በዚሁ ሥራ ይረዱት ነበር። ለታላቁ አታሚ ለክሪስቶፍ ፕላንቲን ትቀባ የነበረችው ሚንከን ሊፍሪንክ ደግሞ ስሟ በሂሳብ መዝገብ ላይ ስለ ሰፈረ ዛሬ ድረስ እናውቃታለን። ስሟን ያስቀረው ኪነ ጥበብ ሳይሆን ክፍያ መሆኑ ትንሽ ያስቀኛል፤ ሆኖም ሒሳቡን በጥንቃቄ የያዘው ሰው ሥዓሊዎችን ሁሉ ካወደሱት ጸሐፊዎች ይልቅ ለእርሷ ጠቅሟታል።

በዚያ ዘመን ገዢው መጽሐፉን ያለ ቀለም ወይም ከፍ ባለ ዋጋ በቀለም የመግዛት ምርጫ ነበረው፤ ከገዛ በኋላም ለራሱ ቀቢ ሰጥቶ ማስቀባት ይችል ነበር። ጌኦርግ ብራውንና ፍራንስ ሆገንበርግ ከ1572 እስከ 1617 በኮሎኝ በስድስት ቅጽ ያሳተሙት፣ ከ540 በላይ የከተማ ሥዕሎችን የያዘው ታላቅ መጽሐፍ በዚህ መንገድ የተሠራጨ ነው። በእያንዳንዱ ከተማ ፊት ለፊት የአገሩን ልብስ የለበሱ ሰዎች ቆመዋል። ብራውን በመግቢያው ላይ ለዚህ የሰጠው ምክንያት እስከ ዛሬ ይገርመኛል፦ ኦቶማኖች የሰው ምስል ያለበትን ሥዕል ሃይማኖታቸው ስለማይፈቅድላቸው፣ ሰዎቹ ካሉበት መጽሐፉን ለጦርነት ሊጠቀሙበት አይችሉም ብሎ ነበር። ምክንያቱ የሚያሳምን አይደለም፤ ነገር ግን ቀቢዎቹን እጅግ የጠቀማቸው እነዚያ ሰዎች ናቸው። ከተማው ከሩቅ ሲታይ ቀይ ጣሪያና አረንጓዴ ሜዳ ብቻ ነው፤ ከፊት የቆመችው ሴት ቀሚስ ግን የቀቢው የራሱ ርስት ነበር። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያለው የለንደን ሥዕል የቅዱስ ጳውሎስን ካቴድራል ከነረጅም ሾጣጣ ጣሪያው ያሳያል፤ ሾጣጣው ግን በመብረቅ የተቃጠለው በ1561፣ ማለትም መጽሐፉ ከመውጣቱ ከ11 ዓመት በፊት ነበር። ስለዚህ አንድ ያልታወቀ ቀቢ በ1570ዎቹ ቁጭ ብሎ የሌለ ሾጣጣ በጥንቃቄ ይቀባ ነበር ማለት ነው።

ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ በ1493 በኑረምበርግ አንቶን ኮበርገር ያተመው የሃርትማን ሼዴል የዓለም ታሪክ ይበልጥ ድፍረት አለው። በመጽሐፉ 1,809 ሥዕሎች ቢኖሩም የተቀረጹት የእንጨት ሰሌዳዎች 645 ብቻ ናቸው። እንደ ኑረምበርግ ያሉ ከተሞች በእውነት ታይተው ሲሣሉ፣ ሌሎቹ ግን አንድን ሰሌዳ ይካፈላሉ፤ ማይንትስ ተብሎ የታተመው ከተማ ገጽ ተገልጦ ኔፕልስ ሆኖ ይመጣል። እዚህ ላይ የቀቢው ሥራ እንግዳ መልክ ይይዛል፤ ጣሪያውን በአንዱ ገጽ ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ ካደረገው አንባቢው ሁለት ከተማ ያየ ይመስለዋል። አታሚው በእንጨት ያልለየውን ቀቢው በቡሩሽ ለየው።

«ቀጭን ቀለም በላዩ ማሳለፍ ብቻ» ወዳልሁት ልመለስ። ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ ፈለግሁና፣ ያልተቀባ የአኳቲንት ቅጂ አግኝቼ 12 ጊዜ በወፍራም ወረቀት ላይ አተምሁት። የመቀጫውን ሥዕል ያለ ቀለም ስላላገኘሁ ሌላ የጎዳና ትዕይንት መረጥሁ፤ አንዱን በጥንቃቄ ቀብቼ ናሙና አደረግሁትና 11ዱን እርሱን እያየሁ ልቀባ ተቀመጥሁ። የመጀመሪያው ወረቀት ቀለሙን እንደ ስፖንጅ ጠጣው። ቡሩሹ ሳይነሣ ሰማዩ በጀርባው ወጣ። በኋላ ሳነብ የጥንቶቹ ቀቢዎች ወረቀቱን አስቀድመው በአሉምና በቆዳ ሙጫ በተዘጋጀ ውሃ ያርሱት እንደ ነበር ተረዳሁ፤ ይህ የወረቀቱን ቀዳዳ ስለሚደፍን ቀለሙ ሳይሰርግ ከላይ ተንሳፍፎ ይደርቃል። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የተዘጋጀ የውሃ ቀለም ወረቀት ገዝቼ እንደገና ጀመርሁ።

ሰማይ ከሁሉ ይከብዳል። ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቡሩሹን ሳያነሡ፣ የቀለሙን ጠብታ እየገፉ መውረድ ያስፈልጋል፤ መካከል ላይ ቆም ካላችሁ ጠብታው ጠርዙን አድርቆ በሰማዩ ላይ ፈጽሞ የማይጠፋ መስመር ይተዋል። በአምስተኛው ወረቀት ላይ ሰማዩን ያለ መስመር አወረድሁት፤ ደስ ብሎኝ የቤቱን ጣሪያ ሳይደርቅ ብነካው ቀዩ ወደ ሰማይ ሮጠ። በዚህ ጊዜ ሥራው ለምን እንደሚከፋፈል ገባኝ፤ አንዱ ሰማዩን ቀብቶ ሲያሳልፈው ወረቀቱ እስኪደርቅ ሌላ ሰማይ ይጀምራል፣ ብቻውን የሚቀባ ሰው ግን ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ለመሄድ ይቀመጣል፣ ይጠብቃል፣ ቡሩሽ ያጥባል፣ የታጠበው ቡሩሽ ደግሞ የቀደመውን ቀለም ጨርሶ አይለቅም። በአማካይ ለአንድ ወረቀት 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። በዚህ ፍጥነት 104,000 ወረቀት እኔ ብቻዬን በቀን 10 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ብሠራ 23 ዓመት ይወስድብኛል።

ዋናውን ነገር የተማርሁት ግን ወደ መጨረሻው ነው። ከስድስተኛው ወረቀት ጀምሮ ናሙናውን ማየት አቁሜ ነበር፤ እጄ አውቆታል ብዬ። ስምንተኛው ላይ የአንዲት ሴት ሻሽ በናሙናው ቢጫ የነበረው ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ረሳሁት። አሥረኛው ላይ ለአንድ ሰው ካፖርት የቀላቀልሁት ቀይ በሳህኑ ላይ ደርቆ ጠበቀኝ። እንደገና መቀላቀል ሰለቸኝ። ከአጠገቡ ለፈረሱ ያዘጋጀሁት ቡናማ ገና እርጥብ ነበረ፤ ቡሩሹን ነክሬ ሰውየውን ቡናማ አለበስሁት። ማንም አያየውም ብዬ እንጂ ጥበብ አስቤ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ወደ ቻሪንግ ክሮሱ ሰው ተመለስሁ። ለመፍረድ ግን አልቸኮልሁም፤ የቀለም ልዩነት ሁሉ ከቀቢው እጅ አይመጣምና። በዘመኑ ከነበሩት ቀለሞች ብዙዎቹ በጊዜ ብዛት ይለወጣሉ። የእርሳስ ነጭ አየሩ ውስጥ ካለው የድኝ ጭስ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፤ በዚህ ምክንያት በአንዳንድ ሥዕሎች ላይ ነጭ ዳንቴል የለበሰች ሴት ዛሬ ጥቁር ነጠብጣብ የወረሳት ሆና ትታያለች። ከመዳብ የሚሠራው አረንጓዴ ወረቀቱን ራሱን ያቃጥለዋል፤ ገጹን ገልብጣችሁ በጀርባው ላይ ቡናማ የሣር ቅርጽ ካያችሁ የዚያ ሥራ ነው። ከኮቺኒል ነፍሳት የሚገኘው ቀይ፣ ኢንዲጎውና ጋምቦጅ የሚባለው ቢጫ ብርሃን ሲመታቸው ይደበዝዛሉ፤ አረንጓዴው ከጋምቦጅና ከፕራሻ ሰማያዊ የተቀላቀለ ከሆነ ቢጫው ቀድሞ ስለሚጠፋ፣ ለብዙ ዓመታት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ዛፎቹ ሰማያዊ ይሆናሉ። ቀይ እርሳስ የሚባለው ደግሞ ወደ ቡናማና ወደ ጥቁር ይለወጣል። ስለዚህ ቡናማው ካፖርት በአንድ ወቅት ቀይ ነበረ ማለት ይቻላል።

ይህን ለመለየት ሥዕሉን አጉልቼ ደጋግሜ አየሁት። ቀለሙ ተለውጦ ቢሆን ኖሮ ጠርዝ ጠርዙ ላይ፣ ቀለሙ በወፈረበት ሁሉ የተለየ ጥቁረት ይኖረው ነበር፤ በዚያው ገጽ ላይ ያሉት ሌሎች ቀይ ነገሮችም አብረው በተለወጡ ነበር። እነርሱ ግን ቀይ ናቸው። ቡናማውም ከአጠገቡ ካለ ነገር ቡናማ ጋር ፍጹም ይመሳሰላል፤ ከአንድ ሳህን የወጣ ይመስላል። በምስል ብቻ አይቶ መማል አይቻልም፤ የእኔ ፍርድ ግን አንድ ሰው ሳህኑን አይቶ የቀረበለትን ቀለም ነከረ የሚል ነው።

እነዚህ መጻሕፍት የጥንቱን ከተማ መልክ እንደ ፎቶግራፍ ያስቀሩልን ምስክሮች ተደርገው ሲቀርቡ የማልስማማው በዚህ ምክንያት ነው። መስመሩ ምስክር ሊሆን ይችላል። የቀድሞው የእንግሊዝ ምክር ቤት አዳራሽ በ1834 በእሳት ሳይጠፋ ምን ይመስል እንደ ነበር የሚጠይቅ ሰው ከዚህ መጽሐፍ ጥሩ መልስ ያገኛል፤ በ1859 ለዘለዓለም የተዘጋውን የቮክስሆል የመዝናኛ አትክልት ስፍራም ከነሙዚቀኞቹ ሰገነት ያያል። ቀለሙ ግን ስለ ለንደን የሚናገረው ጥቂት ነው። የከሰል ጭስ ከተማውን ሁሉ በሸፈነበት ዘመን በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ሰማይ እንደ ታጠበ ነው፤ የቤቶቹ ድንጋይ ለስላሳ የቅቤ ቀለም አለው፤ የድሆች መጠለያው እንኳ ግድግዳው ንጹሕ ነው። ገዢው ባለ ገንዘብ ነበር፤ ጥላሸት በገንዘቡ የሚገዛበት ምክንያት የለውም።

ይህን ካልሁ በኋላ አንድ ገጽ ከዚህ ክስ ነጻ ላወጣ ይገባኛል። «እሳት በለንደን» የሚለው ሥዕል በብላክፍራየርስ ድልድይ አጠገብ የነበረው፣ በእንፋሎት ኃይል ይሠራ የነበረው አልቢዮን የዱቄት ፋብሪካ ሲቃጠል ያሳያል። ፋብሪካው የተቃጠለው በመጋቢት 1791 ስለ ነበር ሥዕሉ ሲታተም ነገሩ የ17 ዓመት ትዝታ ነበር። ከፊት የእሳት መከላከያ ፓምፖችና የሚሯሯጡ ሰዎች አሉ፤ ከኋላ ሰማዩ ሁሉ ነዶአል። ያለ ቀለም የታተመውን ቅጂ ስታዩ በጨለማ ውስጥ ያለ ፈዛዛ ጉም ነው፤ እሳት መሆኑን የምታውቁት ከሰዎቹ ሩጫ ነው። ቀቢዎቹ መጀመሪያ በሰፊው ቢጫ፣ በላዩ ላይ ብርቱካንማ፣ ከዚያም ወደ ጠርዙ እየከሰመ የሚሄድ ቀይ አሳለፉበት፤ መካከሉን ወረቀቱ ራሱ እንዲያበራ ገርጥቶ እንዲቀር ተዉት። እዚያ ላይ ሥዕሉን የሠራው ፑጂን ወይም ሮውላንድሰን ነው ለማለት ይከብደኛል። እሳቱን ያነደዱት ስም የሌላቸው ሰዎች ናቸው።

ከአከርማን መጽሐፍ 11 ዓመት በኋላ፣ በ1821፣ ፒርስ ኢጋን ጽፎት ወንድማማቾቹ ኢሳክ ሮበርትና ጆርጅ ክሩክሻንክ የሣሉት «ላይፍ ኢን ለንደን» የተባለው መጽሐፍ 36 ባለ ቀለም ሥዕሎች ይዞ ወጣ። ቶምና ጄሪ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ከባለ ጸጎች አዳራሽ ወደ ወደብ መጠጥ ቤት እየተንከራተቱ ከተማውን ያያሉ። ገዢው እጅግ ስለ በዛ ቀቢዎቹ ሊደርሱለት እንዳልቻሉ ይነገራል፤ ሥዕሎቹን ሳይ አምናለሁ፣ ቀለሙ የችኮላ ነው። ቢሆንም ከአከርማን ጨዋነት ይልቅ ይህን ችኮላ እወደዋለሁ። በምሥራቁ የከተማ ክፍል ባለው መጠጥ ቤት መርከበኞች፣ ጥቁርና ነጭ የለንደን ሰዎች አብረው ሲጨፍሩ የሚያሳየው ገጽ ላይ ቀቢው ልብሶቹን በደማቁ ያለ ይሉኝታ አልብሷቸዋል፤ በምዕራቡ ባለው የመኳንንት ጭፈራ ላይ ግን ሁሉም ገርጥተዋል።

ሙያው ከዚህ በኋላ ብዙ አልቆየም። በ1837 ጎደፍሯ ኤንግልማን በድንጋይ ሰሌዳ ብዙ ቀለም የሚታተምበትን ዘዴ በፈረንሳይ አስመዘገበ፤ በ1839 ቶማስ ሾተር ቦይስ የፓሪስን፣ የጌንትን፣ የአንትወርፕንና የሩዋንን ሕንጻዎች በዚሁ ዘዴ በቀለም አትሞ አወጣ። በርካሽ ሥዕሎች ላይ በእጅ መቀባቱ ለብዙ ዓመታት ቢቀጥልም፣ እንዲህ ያሉ ትልልቅ የከተማ መጻሕፍት ቀስ በቀስ ከቀቢዎቹ እጅ ወጡ።

ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን በእጁ ለማየት ዕድል ለሚያገኝ ሰው አንድ ምክር አለኝ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ይመልከት። በእንግሊዝ ከ1794 ጀምሮ ከወጣ ሕግ የተነሣ ወረቀት ሠሪዎች ዓመተ ምሕረቱን በወረቀቱ ውስጥ ማኖር ስለ ለመዱ፣ ዋትማን የሚለው የወረቀት ሠሪው ስምና ከሥሩ ያለው ቁጥር ጎልቶ ይታያል። ከሥዕሉ ግርጌ የተቀረጸው ቀን 1808 ሆኖ በወረቀቱ ውስጥ ያለው ዓመት ከዚያ በኋላ የመጣ ከሆነ፣ ሰሌዳው ዕድሜው ከገፋ፣ የሙጫው መረብ ካለቀ በኋላ እንደገና የታተመ ነው፤ ጥላው ፈዛዛ ስለሚሆን ቀቢው ያንን ለመሸፈን ቀለሙን ያወፍረዋል። ብዙዎቹ መጻሕፍት ደግሞ ሥዕሎቻቸው አንድ በአንድ ተቆርጠው ለክፈፍ ስለ ተሸጡ ሙሉ ሆነው አይገኙም። አንድ ነጋዴ በአንድ ወቅት እንዲህ ዓይነት የተቆረጠ ገጽ «በዘመኑ የተቀባ ነው» ብሎ ሊሸጥልኝ ነበር። የቀለሙ አረንጓዴ ግን አንድም ጀርባ ላይ አልወጣም፣ የሰዎቹ ልብስም ሁሉ ከአንዱ የተለየ ሆኖ እንደ ቀስተ ደመና የተደረደረ ነበር። የ1808 ቀቢ በቀን 160 ወረቀት እየጠበቀው ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ቀለም አይቀላቅልም። አልገዛሁትም።

የቀባኋቸው 12 ወረቀቶች አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድረዋል። እኅቴ አንዱን እንድትወስድ ብነግራት አሥረኛውን፣ ቡናማ ካፖርት ያለበትን መረጠች፤ ለምን እንደ ሆነ ስጠይቃት ፈረሱና ሰውየው የሚተዋወቁ ይመስላሉ አለችኝ። ትናንት ማታ ደግሞ የቻሪንግ ክሮሱን ሥዕል ሦስተኛ ቅጂ አገኘሁ። ካፖርቱ ሰማያዊ ነው። በክርኑ በኩል ቀለሙ ከመስመሩ ትንሽ አልፎ የጎረቤቱን እጅጌ ነክቷል።